ቁስል እያጠቡ መጸለይ

ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ ናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ ላይ የጥጥ መዳመጫ ጥሎ ሄደ። ከጦርነቱ በኋላ ለእርዳታ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የሜኖናይት ክርስቲያኖች ይህንን ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1946 ሆስፒታል አደረጉት። ስሙም ለአርበኛው ለደጃዝማች ኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆነ። ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ የምንለው ተቋም ከዚያ መዳመጫ የተነሣ ነው።

በዚያ ዘመን አገሪቱ የራሷን ሐኪም የምታሠለጥንበት ፋኩልቲ አልነበራትም። ነርስም ብርቅ ነበር። ስለዚህ ሆስፒታሉ በአጭር ጊዜ የሚሠለጥኑ ድሬሰሮችን ማስተማር ጀመረ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ ፋሻ የሚያስር፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሌሊት የታካሚን ትኩሳት የሚለካ፣ ዶክተሩ ሲጠፋ ደግሞ ዶክተሩን የሚተካ ሰው ነው። ከሩቅ ገጠር በቅሎና ቃሬዛ ላይ ተጭኖ ለመጣ በሽተኛ መጀመሪያ የሚያየው ፊት የድሬሰሩ ፊት ነበር። ሥልጠናው ከሕክምናው ጋር የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርትን ያዘለ ነበር፤ ያው ወጣት ጠዋት ቃሉን ያጠናል፣ ከዚያ ወደ ተኝቶ ማከሚያው ይገባል።

ይህ ምዕራፍ ስለ እነዚህ ሰዎችና ከእነሱ በኋላ በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ስለ መጣው የእምነት ኑሮ ነው። ጸሎት፣ ቃሉን ማጥናትና የዕለት ሥራ ለየብቻ የሚቀመጡ ሦስት ጉዳዮች ይመስሉናል፤ አንዱ ለጓዳ፣ ሁለተኛው ለእሑድ፣ ሦስተኛው ለእንጀራ። የአዳማና የአካባቢዋ ታሪክ የሚያሳየን ግን ሦስቱ አንድ ላይ ሲኖሩ ምን ያህል ኃይል እንዳላቸው ነው። ሲለያዩ ምን እንደሚጎድልም ዛሬ በገዛ ዓይናችን እያየን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የመንግሥት ድንጋጌ የውጭ ሚሲዮኖች የሚሠሩበትን አገር ለሁለት ከፍሎት ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አማኞች በሚበዙበት አካባቢ ሚሲዮን ሆስፒታልና ትምህርት ቤት መክፈት ይችላል፣ የራሱን እምነት ማስፋፋት ግን አይፈቀድለትም። ናዝሬት ከዚህኛው ክፍል ነበረች። እንግዲህ በዚያ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ክርስቲያን ስለ እምነቱ የሚናገርበት ዋናው መንገድ አሠራሩ ነበር ማለት ነው። የሚሸት ቁስል ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል ወይስ አያዞርም? ድሃውንና ባለ ጠጋውን በተራቸው ያያል ወይስ አያይም? ምሽት ላይ የሚያቃስት ሰው ሲጠራው ከወንበሩ ይነሣል? በሽተኛ ሰባኪን ላያዳምጥ ይችላል፤ እጁን የያዘውን ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ ያጠናዋል።

የእጅ ሥራን እንዲህ ማክበር በአገራችን ትንሽ ነገር አልነበረም። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸክላ የምትሠራዋን በስድብ ስም ስንጠራ የኖርን ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ስላዩ ነው። አዋጁ አፍን ሊገታ ይችላል፣ ልብን ለመመለስ ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የአገሩ ሰዎች ጌታ ኢየሱስን አናጢ ብለው ሲንቁት እናነባለን። ጳውሎስም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ቆሮንቶስ ውስጥ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ያድራል። ይህንን ያነበበ ሰው ሸማኔውን በሸማኔነቱ የሚንቅበት ምክንያት አይኖረውም። የሰው ደምና መግል ሲነካ የሚውል ድሬሰርም ከራሱ ሥራ የሚያፍርበት ምክንያት የለውም።

ከሠለጠኑት ድሬሰሮች ብዙዎቹ ናዝሬት ላይ አልቀሩም። በየከተማውና በየገጠሩ ተበተኑ፤ ገሚሱ ተቀጠረ፣ ገሚሱ የራሱን ትንሽ ክሊኒክ ወይም መድኃኒት ቤት ከፈተ። በደመወዝ የተላከ ወንጌላዊ ሊገባበት በማይችለው ቦታ መርፌና ፋሻ የያዘ ሰው ገባ። ቀን ሲያክም ይውላል፣ ማታ መብራቱን አብርቶ ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ይከፍታል። ከሜኖናይቶቹ ሥራ የተነሣችው መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በኋላ በየአካባቢው ለተከለችው ኅብረት ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ ዘር ሆነዋል። እኔ ለዚህ ታሪክ ትልቅ ክብር አለኝ፤ ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች የኖሩት በላባቸው ነው። አገልጋይ ሆነው በሰው ትከሻ ላይ አልወጡም።

በ1950ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ደግሞ ሌላ ነገር ተከተለ። የናዝሬት ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንግሊዝኛቸውን ማሻሻል ፈልገው የሆስፒታሉን ሐኪም ዶክተር ሮረር ኤሽልማንን እንዲያስተምራቸው ጠየቁት። መማሪያው መጽሐፍ ቅዱስ ሆነ። ቋንቋ ፍለጋ የመጡት ልጆች ባነበቡት ነገር ተያዙ፤ ከዚያም ሰማይ ብርሃን የተባለው የወጣቶች ኅብረት ተወለደ። እነዚህ ወጣቶች ቤት ተከራይተው ይጸልዩ ነበር፣ የታመመ ይጠይቁ ነበር፣ ተቃውሞም ገጥሟቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚነገርልን ስለ ጸሎታቸው ግለት ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ቆም የምለው ከግለቱ በፊት ባለው ነገር ላይ ነው። ነገሩ የጀመረው ቁጭ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ እርሳስ ይዞ ከማንበብ ነበር። በዚያው ዘመን፣ በ1954 ዓ.ም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያስተረጎሙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታትሞ ወጥቶ ነበርና ንባቡ ወደ ዕለት መግባቢያ ቋንቋ፣ ወደ ሱቁና ወደ ክፍሉ ቋንቋ ለመሻገር ቀላል ሆነለት።

ቃሉን በየዕለቱ መያዝ ግን ከሚሲዮን ጋር የመጣ አዲስ ልማድ አይደለም። ገበሬው ሞፈሩን ሲያነሣ በስመ አብ ብሎ ያማትባል። እናት ሊጡን ከድና በላዩ የመስቀል ምልክት ታደርግበታለች። ዳዊት መድገም የቄስ ብቻ አልነበረም፤ ፊደል የቆጠረ ምእመን መቶ አምሳውን መዝሙር በየዕለቱ ከፋፍሎ፣ ከሥራው በፊት የድርሻውን አድርሶ ይወጣ ነበር። ወታደሩ ዳዊቱን በአንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዘምታል። መዝሙሩ በአፉ ስላለ መንገድ ላይም ያደርሰዋል፣ ከብት ሲጠብቅም ያደርሰዋል። ዛሬ የጽሞና ጊዜ ብለን በስልካችን ማንቂያ ለምናስታውሰው ነገር አያቶቻችን ማንቂያ አላስፈለጋቸውም።

ከአዳማ በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ደቡብ ሲወረድ የዝዋይ ሐይቅ አለ። በሐይቁ ትልቅ ደሴት በቱሉ ጉዶ ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ይጠብቃል። በደሴቶቹ የኖሩት የዛይ ሰዎች ገበሬዎች፣ ዓሣ አጥማጆችና ሸማኔዎች ናቸው። መጽሐፉን ከዘመን ዘመን ያሻገሩት መረብ በሚጎትቱና መወርወሪያ በሚወረውሩ እጆች ነው። ከሐይቁ ማዶ በዝዋይ ከተማ፣ በዛሬዋ ባቱ፣ ደግሞ ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ የካህናት ማሠልጠኛውን በደርግ ዘመን አጠናከሩት። በክረምት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን፣ ከእነርሱም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። እምነት ኋላ ቀርነት ነው ተብሎ በሚሰበክበት ዘመን፣ ኢንጂነርና ሐኪም የሚሆኑ ልጆች ሙያቸውን ሳይተዉ የቤተ ክርስቲያናቸውን ትምህርት እንዲያውቁ አደረጉ። አቡኑ በ1982 ዓ.ም በመኪና አደጋ አረፉ። ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ዓ.ም ሲመሠረት በዝዋይ የተማሩት ወጣቶች ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ይህ ማኅበር የተማረው ሰው በሙያው ቤተ ክርስቲያኑን እንዲያገለግል ያደረገው ነገር ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል።

ወደ አዳማ እንመለስ። ጥር 1974 ዓ.ም ላይ ደርግ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ። ሕንፃዎቿና የባንክ ሒሳቧ ተወሰዱ። ናዝሬት የነበረው የመጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚም፣ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ብዙ ወጣት ያስተማረው ትምህርት ቤት፣ ከእጇ ወጣ። መሪዎቿ ያለ ፍርድ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። በዚያን ጊዜ አባላቷ 5 ሺህ ያህል ነበሩ። ከደርግ ውድቀት በኋላ በ1983 ዓ.ም በሩ ሲከፈት ወደ 34 ሺህ ደርሰው ተገኙ።

ይህ ቁጥር በየጉባኤው ይነገራል፣ ይጨበጨብለታል። ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ አሠራሩ ነው ትምህርት ያለው። ሰባኪ የለም፣ አዳራሽ የለም፣ ማይክሮፎን የለም። ያለው አምስት ወይም ሰባት ሰው የሚይዝ የቤት ኅብረት ነው። ከዚያ ከበዛ ለሁለት ይከፈላል፤ ምክንያቱም የቀበሌ ዓይን ነቅቷል። መዝሙር በሹክሹክታ ነው። ሰዎቹ አንድ ላይ አይመጡም፣ አንድ ላይም አይወጡም። ቡና ተፈልቶ ረከቦቱ ተዘርግቶ ስለሚጠብቅ፣ ድንገት በር ቢንኳኳ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ መጣ እንጂ ስብሰባ የለም። ሠርግና ለቅሶ ደግሞ ማንም የማይከለክለው መሰብሰቢያ ስለሆነ የቃሉ መነገሪያ ሆነ።

እዚህ ላይ ሴቶቹን ለይቼ ማንሣት አለብኝ፤ በታሪኩ አጻጻፍ ላይ የሚገባቸውን ቦታ አላገኙምና። ወንድ ከቤት ቤት ቢዞር ይጠረጠራል። ሴት ግን ወንፊት ልትዋስ፣ አራስ ልትጠይቅ፣ እድር ልትከፍል፣ በርበሬ አብራ ልትቀነጥስ ትሄዳለች። በዚህ ተራ የቤት ሥራ ውስጥ መልእክቱ ተላለፈ፣ የታሰረው ሰው ቤተሰብ ስንቅ አገኘ፣ የደከመው ተጸለየለት። አስተማሪም መሪም የሆኑት ብዙዎቹ እነርሱ ነበሩ። ከዚያ በፊት በመድረክ ላይ ያልቆመች ሴት በምድጃዋ ዙሪያ ጉባኤ ስትመራ ስድስት ዓመት፣ ሰባት ዓመት፣ ዘጠኝ ዓመት ሞላት።

የኅብረቱ ጥናትም እንደ ዛሬው ብዙ ርዕስ የሚያነሣ አልነበረም። መጽሐፍ ቅዱስ እንደ ልብ አይገኝም፣ ይዞ መንቀሳቀስም አደጋ አለው፤ ስለዚህ ክፍሉ በእጅ ይገለበጣል፣ በቃል ይያዛል። ሰባት ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ዝም ብሎ ተቀምጦ መሄድ አይቻልም። አንዱ መምህር ነው፣ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ የመጋዘን ሠራተኛ ነው። እያንዳንዱ ያነበበውን ነገ ጠዋት ሥራው ላይ ምን እንደሚያደርግበት መናገር አለበት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እንዴት ሆነልህ ተብሎ ይጠየቃል። የቀበሌ ስብሰባ እሑድ ጠዋት ሲጠራ ምን ይደረግ? መፈክር ሲባል እጅ ይነሣ ወይስ አይነሣ? የመጋዘን ቁልፍ ሲሰጥህ፣ አለቃህ ሰነድ ላይ ያልገባ ኩንታል አውጣልኝ ሲልህስ? እነዚህ ሁሉ የጥናት ጥያቄዎች ነበሩ። አማኞቹን ለሚያሳድዱ ሰዎች እንኳ ገንዘብ ያዥና የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሲፈለግ ወደ እነዚሁ አማኞች መመልከት የተለመደ ነበር ይባላል። እምነታቸውን ይጠላሉ፣ እጃቸውን ግን ያምኑታል።

አሁን ያለንበት ዘመን የተለየ ነው። አዳራሹ ተከፍቷል፣ ድምፅ ማጉያው ሰፈሩን ይሞላዋል። የቤተ ክርስቲያን ደወልም፣ የጉባኤ መዝሙርም ያለ ከልካይ ይሰማል። ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። የስምጥ ሸለቆው ኢኮኖሚ ግን ከዚያ ወዲህ በጣም ተለውጧል፤ የፈተናውም ዓይነት አብሮ ተለውጧል።

መቂ ላይ ቲማቲም ሲደርስ የሚሆነውን እንይ። ገበሬው ዘር፣ ማዳበሪያና የውኃ ፓምፕ ነዳጅ በብድር ገዝቶ ነው የሚያለማው። ቲማቲም ቀን አይሰጥም፤ ካልተሸጠ ይበሰብሳል። ደላላው ይህንን ያውቃል። ሣጥኑን ከልክ በላይ ያስሞላል፣ ጭነቱ መንገድ ላይ እያለ ዋጋ ወደቀ ብሎ ይደውላል። ይህ ደላላ እሑድ ጠዋት ምናልባት ነጠላውን አጣፍቶ ከቅጽሩ ቆሟል፤ ወይም በአዳራሹ ፊተኛ ወንበር ላይ እጁን ዘርግቷል። ምሳሌ ምዕራፍ 11 የሚጀምረው በሐሰተኛ ሚዛን ነው። ስለ ሚዛን ግን መቂም ሆነ አዳማ መድረክ ላይ የሚሰበክ ስብከት እምብዛም አልሰማሁም። ስለ በረከት የሚሰበከው ግን ብዙ ነው። እንደ እኔ እምነት ይህ የዘመናችን ትልቁ የቤተ ክርስቲያን ጉድለት ነው፤ ሰው የሚባረክበትን እየነገርነው የሚሠራበትን አልነገርነውም።

ባቱ ላይ በአበባ እርሻዎች የሚሠሩት ወጣት ሴቶች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላቸው። የአውሮፓ ገበያ አበባ አብዝቶ የሚፈልገው ለየካቲቱ የፍቅረኞች ቀን ነው፤ የሥራው ጥድፊያ በአንዳንድ ዓመት ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጋር ይገጥማል። ጾማ፣ ቆማ፣ በፕላስቲክ ቤት ሙቀት ውስጥ ጽጌረዳ ስትቆርጥ የምትውል ልጅ ጸሎቷን መቼ ታድርስ? ንስሐ አባቷ ወይም የኅብረት መሪዋ ይህንን ኑሮዋን ያውቁታል? ካወቁት የሦስት ሰዓት ስብከት ከመጫን ይልቅ፣ እጇ ሥራ ላይ ሳለ በልቧ የምትደግመው አንድ መዝሙር ያስይዟታል። ዳዊት ለዚህ ነው የተሰጠን። ከጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ጋርም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አዳማን፣ መተሐራንና አዋሽን እያቋረጠ ሌሊት የሚነዳ ሰው እሑድን የሚያሳልፈው መሪው ላይ ነው። ለእርሱ ኅብረት ማለት መኪና አቁሞ ሻይ የሚጠጣበት ቦታ ያለ አንድ ወንድም ሊሆን ይችላል።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ፤ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። በሥራ ሰዓት ቢሮውን ዘግቶ ለጸሎት የሚሄድ ሠራተኛ ብዙ አይተናል። ባለጉዳይ ከአርሲ ገጠር በሌሊት ተነሥቶ፣ በአውቶቡስ ተጋፍቶ፣ ማኅተም ፍለጋ መጥቷል። ሠራተኛው መስኮቱ ላይ የለም፤ ጸሎት ላይ ነው። የሌሊት አዳር ጸሎት ቆይቶ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ መምህርም አለ። ይህ መንፈሳዊነት አይደለም። የባለጉዳዩን ቀን መውሰድ ነው፣ የተማሪውን ትምህርት መውሰድ ነው። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በሁለቱም መልእክቶቹ ስለ ሥራ አጥብቆ የጻፈው የጌታን መምጣት እንጠብቃለን ብለው እጃቸውን ላጣጠፉት ነው። ያ ድሬሰር ታካሚውን ትቶ ለመጸለይ አልወጣም፤ ቁስሉን እያጠበ ጸለየ እንጂ።

እንግዲህ ይህንን ምዕራፍ ያነበብክ ወንድሜ፣ ያነበብሽ እኅቴ፣ ጽዋ ማኅበርም ይሁን የቤት ኅብረት፣ ሰንበቴም ይሁን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ የምትሰበሰቡበት ቦታ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትገናኙ ሉቃስ ምዕራፍ 3ን ከቁጥር 10 እስከ 14 አብራችሁ አንብቡ። ሕዝቡ፣ ቀራጮቹና ወታደሮቹ በየተራ ወደ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ብለው ይጠይቁታል፤ እርሱም ለእያንዳንዳቸው ሥራቸውን ሳያስጥላቸው በሥራቸው ውስጥ መልስ ይሰጣቸዋል። ከዚያ መጽሐፉን ሳትዘጉ በክፍሉ ያለ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሥራ ይናገር፤ ነጋዴው ሚዛኑን፣ ሾፌሩ ነዳጁን፣ የቢሮ ሠራተኛዋ መስኮቷን፣ አሠሪው ለሠራተኛው የሚከፍለውን። ያንኑ ጥያቄ ለራሱ ያቅርብ። በሳምንቱ ደግሞ እንዴት ሆነልህ፣ እንዴት ሆነልሽ ተባባሉ።